በፊልትሮው ውስጥ የተገኘው ስቶኪንግ

ገብረየስ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የቀረውን የሚሰማ ሰው ሁሉ ቶሎ ብሎ እንዳይፈርድበት ነው። ከቦሌ መንገድ ወደ ሩዋንዳ ኤምባሲ በሚያስገባው ኮረኮንች ላይ ግቢያችን ጎን ለጎን ነበር፤ የሚለየን ዝገት የበላው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን ለመትከል ቀድሞ የሚገኘው እሱ ነው። የቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ ሲባል ለራሱ ወረፋ ሲይዝ ለእኛም ይይዛል። ባለቤቴ ዱባለ በታመመበት ክረምት በመኪናው ሐኪም ቤት ያመላለሰው እሱ ነበር። በሽታው አንድ ብቻ ነው፤ በሚስቱ ይቀናል።

ቅናት ስል ቀለል ያለውን እንዳታስቡ። ትንሽ ትንሽ የሚቀና ባል ማን ይጠላል? ዱባለ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ «የት አመሸሽ?» ብሎኝ አያውቅም፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ጊዜ ቅር ይለኝ ነበር። የገብረየስ ግን ሌላ ነው። የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበርና ያለ ፊርማ የሚገባና ያለ ፊርማ የሚወጣ ዕቃ አይወድም። የሻሽወርቅንም እንደ መጋዘኑ ሊይዛት ፈለገ። ማን አየሽ? ማን ሰላም አለሽ? እሱ ለምን ሳቀ? አንቺስ ለምን ሳቅሽ? ቦሌ ሚካኤል ስናስቀድስ በወንዶቹ በኩል ይቆማል፤ ዓይኑ ግን በሴቶቹ በኩል ነው። ቅዳሴ አልቆ ሰው ሁሉ ሲሳለም እሱ በአጠገቧ ማን እንዳለፈ ያጣራል።

የሻሽወርቅ በአንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ጸሐፊ ነበረች። ሰፈር የሚያስቆም ቁንጅና የላትም፤ ግን ንጹሕ ናት፣ ስትሄድ ቀጥ ብላ ነው፣ ስትናገርም ቃል አታባክንም። መሥሪያ ቤቷ የፈረንጅ ስለሆነ ያለ ስቶኪንግ ከቤት አትወጣም። ያን ጊዜ ደግሞ ደህና ስቶኪንግ እንደ ልብ አይገኝም፤ መተርተር ሲጀምርባት በጥፍር ቀለም ታቆመውና ትለብሰዋለች። ይህንንም ገብረየስ ያውቃል። በየትኛው እግሯ ላይ የጥፍር ቀለም እንዳለ ሳይቀር ያውቃል።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት መጋቢት ላይ ነገሩ ፈነዳ። ቢሮዋ ስልክ ደውሎ ሲያናግራት ከኋላዋ የወንድ ሳቅ ሰማ። ስልኩን ዘጋና ተነሥቶ ሄደ። ዘበኛውን አልፎ ገባና የድርጅቱን ሒሳብ ሹም፣ የልጅ ልጅ ያየውን ሽማግሌ፣ ኮሌታውን አንቆ «ምን አሳቀህ?» አለው። ፈረንጆቹ ከየክፍላቸው ወጥተው ቆመው አዩ። የሻሽወርቅ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ሴቶች ልጆቿን ይዛ ኮተቤ እህቷ አሰፋሽ ቤት ገባች።

ዱባለና የባልና ሚስቱ የነፍስ አባት ገብረየስን ይዘው ሽማግሌ ሆነው ሄዱ። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ሴት በሌለበት የሴት ነገር አይቆረጥም ብዬ። የሻሽወርቅ ቁጭ ብላ ሁሉን ከሰማች በኋላ እንዲህ አለች።

«መትቶኝ አያውቅም። ነፍጎኝ አያውቅም። የሚገድለኝ ጥያቄው ነው። በበር ገብቼ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ‹የት ነበርሽ?› ይለኛል። እሱን ስመልስ ‹ከማን ጋር?› ይለኛል። እነዚህን ሁለቱን ይተውልኝና እመለሳለሁ። ሁለተኛ ከወጣሁ ግን ሽማግሌ ሆናችሁ እንዳትመጡ፤ በር አልከፍትም።»

ገብረየስ ተነሥቶ «ሚካኤልን፣ እነዚህ ሁለት ቃላት ሁለተኛ ከአፌ አይወጡም» ብሎ ማለ። የነፍስ አባታቸውም ገዘቱት። ዱባለ ደግሞ «ሰምተሃል ገብረየስ፣ እኔም ሁለተኛ አልመጣም» አለው። በዚህ ተስማምተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

የማለ ሰው እንዴት እንደሚኖር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቃሉን አላፈረሰም። ግን አፉን እንጂ ልቡን ማን ገዘተው? ብቻዋን ወጥታ ስትገባ በር ላይ ይጠብቃትና «መንገዱ ተዘግቶ ነበር መሰለኝ» ይላታል። እሷም «አልተዘጋም» ትላለች። «ዛሬ ዝናብ ያልነካው ሰፈር አለ ይባላል» ይላታል። «ይኖራል» ትላለች። ከዚያ ቃል ያልቅበታል። እሷ ጓዳ ስትገባ ሹልክ ብሎ ይወጣና የመኪናውን ኮፈን በመዳፉ ይነካል፣ ሞተሩ ምን ያህል እንደሞቀ ለማወቅ። ከዚያ ወደ ውስጥ አንገቱን አስገብቶ የኪሎሜትሩን ቁጥር ያያል። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁት፣ እሱም እንደማየው እያወቀ።

መኪናዋ ሰማያዊ ፊያት ናት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ገብረየስ መጋዘን ውስጥ ከመሰላል ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ነበርና ፍሪሲዮን መርገጥ አልቻለም፤ ስለዚህ የሻሽወርቅ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ግድ ሆነ። አስተማሪው ወንድ ነበር። ገብረየስ በጄሶ የታሰረ እግሩን ዘርግቶ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ትምህርቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታተለ። አስተማሪው በኋላ ለዱባለ «እንደዚያ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም፤ አንዷ ትነዳለች፣ አንዱ እኔን ያያል» አለው። እግሩ ሲድን ጉልበቱ እንደ ድሮው አልሆነምና መሪው በእሷ እጅ ቀረ። ጠዋት እሱን አድርሳ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፣ ማታ ይዛው ትመለሳለች። ረቡዕ ረቡዕ ግን መሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ስላለበት እሱ በሰርቪስ ይመጣል፤ እሷ ብቻዋን ትመጣለች። ረቡዕ የገብረየስ የመከራ ቀን ነበር።

በጥቅምት ወር በአንዱ ረቡዕ ሰርቪሱ ቀድሞ አደረሰው። የሻሽወርቅ የለችም። በሩን ከፍቶ መንገድ ላይ ቆመ። ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ። እኔ ልብስ ከገመድ ላይ እያነሣሁ «ትመጣለች፣ ግባ» ብለው «አይ፣ አየር እየወሰድኩ ነው» አለኝ። ፀሐይ ልትገባ ስትል ፊያቷ እየሳለች መጣች፤ ሞተሩ ጉሮሮው የተዘጋ ሰው ነው የሚመስለው። የሻሽወርቅ ወረደች። የቀሚሷ ጫፍ ላይ ጥቁር ቅባት አለ። እጆቿ ቆሽሸዋል። እግሮቿ ላይ ጠዋት የነበረው ስቶኪንግ የለም።

እኔ ስቶኪንጉን አላየሁም፤ እሱ ነው ያየው። በኋላ ሲነግረኝ «ወይዘሮ ሙሉ፣ መጀመሪያ ያየሁት እግሯን ነው፤ ፊቷን ያየሁት ቆይቼ ነው» አለኝ።

«መኪናው አስቸግሮኝ ነው» አለችው።

ገብረየስ አፉን ከፈተ። ያ ቃል እስከ ጥርሱ ድረስ መጥቶ ነበር። «አይ፣ ደህና» ብሎ ዋጠው። እሷም ሌላ አልጨመረችም። ለምን አልጨመርሽም ብዬ በኋላ ጠይቄያታለሁ፤ «ለእሱ አንድ ቃል መስጠት መቶ ጥያቄ መክፈት ነው» አለችኝ።

ሐሙስና ዓርብ ያልበላ ሰው መስሎ ሰነበተ። ፊያቷ ደግሞ የቦሌን መንገድ ሽቅብ ስትወጣ እየተንተፋተፈች ትቆማለች። ያን ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ ሰው ያገኘውን በበርሜልና በጀሪካን ያጠራቅማል፤ የበርሜሉ ዝገት አብሮ ይገባና ማጣሪያውን ይዘጋዋል። ገብረየስ ይህን ያውቃል። ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ በዑራኤል በኩል ጋራዥ ካለው ከዓንዶም ዘንድ አዲስ የቤንዚን ፊልትሮ ገዛ። ዓንዶም የአስመራ ልጅ ነው፤ ሳቁ ከሞተር በላይ የሚሰማ ሰው። «ላይዋ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተር ይሁን፣ ሌላ ጣጣ የላትም፤ ቤትህ ትቀይራታለህ» አለው።

የሻሽወርቅ ልጆቹን ይዛ ኮተቤ እህቷን ልትጠይቅ በአውቶቡስ ሄዳ ነበር። ገብረየስ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጆንያ አንጥፎ፣ የዱቄት ወተት ባዶ ጣሳ ከሥር ደቅኖ ሥራውን ጀመረ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ። የባትሪውን ገመድ ነቀለ። የሚያጨሰውን ሲጋራ ሳይቀር ወስዶ በር ላይ አጠፋው። ጠንቃቃ ሰው ነው። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ አጎነበሰ፤ አጎንብሶም ቀረ።

የፊያቷ ፊልትሮ የድሮ ዓይነት ነበር። መስታወት ሆኖ ከላይና ከታች በብረት ክዳን የሚዘጋ፣ ውስጡ የተጣጠፈ ወረቀት ያለው። ቤንዚኑ በወረቀቱ ተጣርቶ ሲያልፍ በመስታወቱ ይታያል። አሁን ወረቀቱ የለም። በወረቀቱ ቦታ የሰው ገላ የሚመስል ነገር ተጠቅልሎ ቤንዚን ውስጥ ተቀምጧል።

በካቻቢቴ የቱቦዎቹን ማሰሪያ ፈታ። ቤንዚኑ ክንዱ ላይ ወርዶ ብብቱ ገባ፤ አልተሰማውም። መስታወቱን ከፍቶ በሁለት ጣቱ ጎተተው። ስቶኪንግ ነው። ከላይ በኩል ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሯል። ዘረጋው። ተረከዙ ጋ የጥፍር ቀለም አለበት።

አሸተተው። ይህን ራሴ አይቻለሁ። ስቶኪንጉን አፍንጫው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሌላ ወንድ ሽታ ሲፈልግበት። የቤንዚን እንጂ ምን ሊሸት!

«ወይዘሮ ሙሉ» አለኝ ወደ አጥሩ ተጠግቶ። «ይህ ምንድን ነው ይላሉ?»

«ስቶኪንግ ነዋ።»

«የማን ይመስልዎታል?»

«እኔ የሰው ካልሲ በስም አላውቅም» አልኩት። ተናድጄ ነበር። ጎረቤት በዚያ ሰዓት ማለት ያለበትን ሌላ ነገር አላገኘሁም።

አዲሱን ፊልትሮ አልገጠመም። ኮፈኑን እንደተከፈተ ትቶ፣ ስቶኪንጉን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በዚያ ጉልበቱ እያነከሰ ወደ ዓንዶም ጋራዥ ገሠገሠ። መጀመሪያ የጠረጠረው ዓንዶምን ነበር። መንገድ ላይ የዓንዶምን እጆች ያስብ ነበር አለኝ፤ እነዚያ ቅባት የማይለቃቸው ወፍራም እጆች እግሯ ላይ። ዑራኤል ሲደርስ ሊመታው ወስኖ ነበር።

ዓንዶም ግን ጋዜጣውን ፈትቶ ሲያይ ከት ብሎ ሳቀ።

«ገብረየስ ሓወይ፣ ይሄ የጋራዥ ሥራ አይደለም። እኔ እንደዚህ ብሠራ ማን ደንበኛ ይቀረኛል? ይሄ የአሰብ መስመር ሹፌር ሥራ ነው። በረሃ ላይ ፊልትሮ ሲዘጋባቸው በሴት ስቶኪንግ ነው የሚያጣሩት። ጎበዝ ነው የሠራው፣ በደንብ አስሮታል። የት ነው ያገኘኸው?»

ገብረየስ ጋዜጣውን መልሶ ጠቅልሎ ወጣ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሹፌሩ ተወለደ።

ከዑራኤል ቤቱ እስኪደርስ ሹፌሩን ሙሉ ሰው አደረገው። ረጅም ነው። በመስኮት የሚወጣው ግራ ክንዱ ፀሐይ በልቶት ጠቁሯል። አንድ የወርቅ ጥርስ አለው። የአሰብ ሽቶ ይቀባል፣ በየምግብ ቤቱ በስሙ የሚጠሩት ዓይነት ነው። መኪናዋ ቆማ አየ፤ ከነተሳቢው ዳር ያዘና ወረደ። «አይዞሽ እመቤት» አላት። ከዚያስ? «ስቶኪንግ አለሽ?» አላት። እሷም ሳቀች። እዚህ ላይ ሲደርስ ገብረየስ መንገድ ላይ ይቆማል። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ መኪናዋ ቆመች፣ ተሳቢው መጣ። በየጊዜው ሹፌሩ አንድ ነገር ይጨመርለታል፤ ቤቱ ሲደርስ ድምፁም ወፍሮ፣ ጢሙም ተከርክሞ ነበር። ትዳር ባይኖረው እንኳ ይሻላል ብሎ አሰበ፤ ቀጥሎ ደግሞ ባይኖረው ይብሳል አለ።

ቤት ገብቶ መሳቢያዋን ፈተሸ። ጥንዱ የለም። ወደ መኪናዋ ተመለሰና ከመሪው አጠገብ ያለችውን ሣጥን ከፈተ። የሌላው እግር ስቶኪንግ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ለመታሰቢያ መሆን አለበት ብሎ አመነ። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ። እንባውን እኔ አላየሁም፤ ሲወርድ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ «ቤንዚን ገብቶበት ነው» አለኝ።

በማግሥቱ እሑድ ከምሳ በኋላ እኛ ቤት መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ከዱባለ ፊት ቆሞ እንደ ተማሪ ጠየቀ።

«ጋሽ ዱባለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ‹ከማን ጋር› ማለት ይፈቀድልኝ። ከዚያ ወዲያ እስክሞት አልልም።»

«የማልከው በሚካኤል ነው እንጂ በእኔ አይደለም» አለው ዱባለ። «እኔ ምን ሥልጣን አለኝና ነው የምፈቅድልህ?»

«እንግዲያው ልሞት ነው።»

«አትሞትም። ሳትጠይቃት ተዋት፤ ራሷ ትነግርሃለች።»

«ሹፌር አለ» አለ ገብረየስ።

ዱባለ ወደ እኔ አየ። እኔ ነጠላዬን አነሣሁ። ብቻውን ቤቱ ቢመለስ የሚሆነውን ስለፈራን ሦስታችንም አብረን ገባን። የሻሽወርቅ ሳሎን ውስጥ የልጆቹን የሰኞ ዩኒፎርም ትተኩሳለች፤ ልጆቹ ጓሮ ይጫወታሉ። «እንደምን ዋላችሁ፣ ተቀመጡ» አለችን። ወዲያው የሦስታችንን ፊት አይታ ገባት፤ ካውያውን ግን አላቆመችም።

ገብረየስ ባዶውን የመስታወት ፊልትሮ ከኪሱ አውጥቶ የጠረጴዛው ዳንቴል ላይ አስቀመጠ። ስቶኪንጉን አጠገቡ ዘረጋው። ቆመ። ዱባለ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ተጠንቀቅ ማለቱ ነው። ገብረየስ ሁለቱን የተገዘተባቸውን ቃላት በምላሱ እየዘለለ ሌላ ቃል ሲፈልግ ፊቱ ላይ ይታያል። በመጨረሻ አገኘ።

«ማን ነው ያወለቀው?» አለ።

እንግዲህ በእኛ ቋንቋ ፊልትሮም ይወለቃል፣ ስቶኪንግም ይወለቃል። ዱባለ ወደ መሬት አየ። እኔ የምይዘው ጠፋኝ።

«የቱን?» አለችው የሻሽወርቅ።

«ሁለቱንም።»

«ሁለቱንም እኔ ነኝ ያወለቅሁት።»

ገብረየስ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «አንቺ?» አለ። «ፊልትሮ?»

የሻሽወርቅ ካውያውን ከልብሱ አርቃ አስቀመጠች። ከራዲዮው አጠገብ ያለውን አዲሱን ፊልትሮ አነሣች፣ ካቻቢቴውን አነሣች፣ ወጣች። ተከትለናት ወጣን። የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ ከተከፈተው ኮፈን ሥር ገባች።

«ጣሳውን ያዝ» አለችው። ያዘላት።

ከታንከር የሚመጣውን ቱቦ በጣቷ ቆንጥጣ ይዛ ጫፉን በጨርቅ ጠረገች። ያ ቱቦ ከትናንት ጀምሮ በብሎን ተወትፎ ነበር፤ ብሎኑን ጣሳው ውስጥ ጣለችው። የአዲሱን ፊልትሮ ቀስት አየች፣ ወደ ሞተሩ አዞረች፣ ገፍታ ከተተችው። እየሠራች ትናገራለች፤ ድምፅዋ ቢሮ ደብዳቤ የምታነብበት ይመስላል።

«ኦሎምፒያን አልፌ ሽቅቡ ላይ ቆመችብኝ። መኪና ከኋላዬ ይጮህብኛል። ገፍቼ ዳር አስያዝኳት። ከፍቼ ሳይ መስታወቱ ውስጥ ያለው ወረቀት ጭቃ ሆኗል። እፍ ብለው አይለቅም። አንድ ሰው መጥቶ ልርዳሽ አለኝ፣ አይ ይሂዱ አልኩት። ለምን? አንድ የሚያውቅህ ሰው በዚያ ቢያልፍና ሚስትህን ከወንድ ጋር አየኋት ቢልህ ብዬ። መኪናው ውስጥ ገብቼ ስቶኪንጌን አወለቅሁ። በጥፍር መቁረጫ ቆርጬ በወረቀቱ ቦታ አሰርኩት፤ የሌላውን እግር ለመጠባበቂያ አኖርኩት።»

«ሰው መጥቶ ነበር?» አለ ገብረየስ።

ካቻቢቴው ቆመ። የሻሽወርቅ ቀና ብላ አየችው። ዱባለ «ገብረየስ» አለው ቀስ ብሎ።

«አይ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ማለቴ ነው» አለ። «ረጅም ነው?»

«ኮፍያ ያደረጉ አዛውንት ናቸው» አለች፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሁለቱን ማሰሪያ አጠበቀች። የባትሪውን ገመድ ቀጠለች። ገብታ ቁልፉን አዞረች፤ ሞተሩ ጥቂት አንገራገረና ተነሣ። ምንም ሳል የለውም። ወርዳ በቱቦው ዙሪያ እጇን አዙራ ቤንዚን እንደማያንጠባጥብ አየች፣ እጇን በጆንያው ጠረገች። እውነቴን ነው፣ በዚያች ሰዓት እኔ ኮርቼባት ነበር። ዱባለም ፈገግ ብሏል። ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

ገብረየስ ግን ጣሳውን እንደያዘ እጆቿን ያያል። ይህን ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ የሚያያት በዚህ ፊት ነው።

«ማን አስተማረሽ?» አለ።

«ምን?»

«እንዲህ ያለ ነገር ማን አስተማረሽ? ስቶኪንግ የአሰብ ሹፌሮች ነገር ነው። ዓንዶም ነግሮኛል። አንድ ሰው አስተምሮሻል።»

«አንተ» አለች የሻሽወርቅ።

«እኔ?»

«አንተ ነህ። የዛሬ ዓመት ክረምት ይህንኑ ፊልትሮ ስታጥብ ባትሪ ያበራሁልህ እኔ ነኝ። ይህ መግቢያው፣ ይህ መውጫው አልከኝ። የአሰብ ሹፌሮች ወረቀት ሲያጡ በስቶኪንግ ያጣራሉ አልከኝ። ስቀን ነበር።»

ገብረየስ አሰበ። ልብ ብሎ አሰበ፤ እውነት ለመናገር ማስታወስ ፈልጎ ነበር። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ አላስተማርኩሽም» አለ። «እኔ አላልኩም። ሌላ ሰው ነው።»

የሻሽወርቅ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ደግ ነበር። ወደ ዱባለ ዞረች።

«ሰምተዋል ጋሽ ዱባለ» አለች። «ስንት ዓመት ሙሉ ማንም የለም እያልኩት ኖርኩ። ዛሬ አንድ ወንድ አለ አልኩት፣ ያውም ራሱን ሰጠሁት። እሱንም አላመነውም። ከዚህ ወዲያ ማንን ላምጣለት?»

ገባች። ስትወጣ ልጆቹንና የተተኮሱትን ዩኒፎርሞች ይዛ ነበር። ገብረየስ በሩ ላይ ቆሞ ለዱባለ «ቃሌን አላፈረስኩም፤ ሁለቱን ቃላት አልተናገርኩም፣ እርስዎ ምስክር ነዎት» ይላል። ዱባለ ምን ይበለው? እውነቱን ነው፣ አልተናገረም። የሻሽወርቅ መኪናዋን አዙራ በአጠገባችን አለፈችና ወደ ኮተቤ ሄደች። ዱባለም እንዳለው ሁለተኛ ሽማግሌ ሆኖ አልሄደም። የነፍስ አባታቸው ብቻቸውን ሄደው ነበር፤ አሰፋሽ በር ላይ አነጋግራ መለሰቻቸው።

እኛ ከዚያ ሰፈር እስክንለቅ ድረስ ገብረየስ ያንኑ ቤት ብቻውን ኖረበት። ልጆቹ እሑድ እሑድ ይመጡለታል። ከሰው አልተጣላም፣ ለቅሶ መድረሱንም አልተወም። ቅናቱ ግን የሚያርፍበት አጥቶ በግቢው ውስጥ ይዞራል። አንድ ከሰዓት በኋላ አጥሩን ተደግፎ ጠራኝ።

«ወይዘሮ ሙሉ፣ ያን ክረምት ባትሪ አበራሁልህ ያለችኝን እርስዎ ያስታውሱታል?»

«አዎን» አልኩት፤ ያን እሑድ በድንጋጤ ሳልናገረው ቀርቼ ነበር። «ልብስ ላስገባ ወጥቼ ሰምቻችኋለሁ። መግቢያው ይህ፣ መውጫው ይህ ስትላት፣ ስለ አሰብ ሹፌሮችም ስታጫውታት። ትስቁ ነበር።»

ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ፊቱ በራ፤ መጣልኝ የሚል ሰው ፊት ነው።

«ያን ቀንማ አስታውሳለሁ» አለ። «የቀበሌው ጸሐፊ በዚህ ሲያልፍ በር ላይ ቆሞ እንደምን ዋላችሁ ብሏታል። ቡናማ ጃኬት ለብሶ ነበር። አንዱ ቁልፍ ተበጥሷል። ሁለት ጊዜ ነው ወደ ውስጥ የተመለከተው።»

«እሷስ? ባትሪ ይዛ ከአጠገብህ ስትስቅ?» አልኩት።

«እሷ ምን?» አለኝ።